ወፍ ያየ ይጠይቅ፦ የዚህ ወር የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ። መስቀል አልፎ ሰማዩ ከጠራ ወዲህ የሚደርሰን ጥያቄ ብዛቱ ጉድ ነው፣ ገሚሱ «ይቺ ወፍ ማናት» ገሚሱ «የት ሄደን እንይ» ሲሆን የቀረው ፎቶም ምንም የሌለው «አየሁ፣ በቃ አየሁ» ነው። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል፣ አንዳንዱን ረዘም አንዳንዱን አጠር አድርጌ ነው የመለስኩት፣ ያጠረበት ሰው እንዳይቀየመኝ።

«ጋሼ ሰላም ነው? ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው። ከምሰራበት ሆቴል ጓሮ ጠዋት ጠዋት ፍርፋሪ የሚለቅሙ ቡናማ ዝንጉርጉር ትናንሽ ወፎች አሉ፣ አንድ እንግዳ የአንኮበር ሴሪን ናቸው አለኝና ለጠፍኳቸው፣ ከዛ ኮመንት ላይ ተሳቀብኝ። ናቸው ወይስ አይደሉም?»

የላክሽውን ፎቶ አየሁት እህቴ፣ አይደሉም። ስትሪኪ ሲድኢተር የምትባለዋ ናት፣ ደጋ ላይ በየጓሮው የሞላች ወፍ። ፎቶውን አጉልተሽ ፊቷን እዪው፣ ከአይኗ በላይ እንደ ቅንድብ የተሰመረ ሰፊ ነጣ ያለ መስመር አለ አይደል? የአንኮበር ሴሪን ይሄ የላትም፣ ፊቷ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ አናቷም ጀርባዋም በጭረት የተሞላ፣ መንቁሯም ቀጠን ያለ ነው። ከመልኳ በላይ ግን አድራሻዋ ነው የሚለያት። ሆቴል ጓሮ አትመጣም፣ የምትኖረው ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ ሳሩ አጭር የሆነበት ድንጋዩ የተጋለጠበት ቁልቁለት ላይ በመንጋ ሆና ትለቅማለች፣ ስትደነግጥ ሁሉም ባንዴ ተነስተው ወደ ገደሉ ይወረወሩና ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ይመጣሉ።

ለሳይንስ የታወቀችው ቅርብ ጊዜ ነው፣ መጀመሪያ የተገኘችው በ1976 እዛው አንኮበር ገደሉ ላይ ነበር፣ ስም የተሰጣት ደግሞ በ1979 (በፈረንጅ ነው ሁለቱም፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ)። ኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ተገኘች። አንቺ ደብረ ብርሃን ሆነሽ ደግሞ እድለኛ ነሽ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂና ገማሳ ገደል ሂጂ፣ ጠዋት ጸሐይ አፋፉን ሳይለቅ። ሴሪኗ ባትመጣ እንኳን ጭላዳና ጥንብ አንሳ አያሳፍሩሽም። የሳቁብሽን ሰዎች ተያቸው፣ ፎቶ አንስተሽ መለጠፍሽ ራሱ ከብዙዎቹ ይሻላል፣ ፎቶ ስላለ ነው እኔም መልስ መስጠት የቻልኩት።

«ሱሉልታ ሜዳ ላይ መንቁራቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ ጥቋቁር ወፎች አየን። ከሶሪያ የሚመጣው ራሰ በራው ኢቢስ ይሆን እንዴ? ፎቶ የለንም።»

ፎቶ ከሌለ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ሲበሩ ትከሻቸው ላይ ነጭ ነገር አያችሁ? ጩኸታቸውስ ሰፈሩን የሚያውክ ነበር? ሁለቱም አዎ ከሆነ የኛው ጋጋኖ ነው፣ አዲስ አበባም በየግቢው ሳር ላይ ትል ሲለቅም የሚውለው። ራሰ በራው ነጭ የለበትም፣ ጭንቅላቱ የተላጠና ቀይ ነው፣ መንቁሩም ቀይ ነው፣ ከአንገቱ በታች ላባው ተንጨባሮ ይታያል።

ጥያቄያችሁ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2002 ሶሪያ ውስጥ ፓልሚራ አካባቢ ጠፉ ተብለው የነበሩ ጥቂት ራሰ በራ ኢቢሶች ተገኙ፣ በ2006 ሳተላይት መከታተያ ታስሮላቸው ሲሄዱ ሲሄዱ በሳኡዲና በየመን አልፈው ቀይ ባህርን ተሻግረው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ አረፉ። እዚህ ከብት መሀል ሲለቅሙ ከርመው ነበር የሚመለሱት። ከዛ የሶሪያ ጦርነት መጣና ያቺ ትንሽ መንጋም ተመናመነች። ስለዚ አሁን አየሁ የሚል ሰው ቢመጣ ዜናው የዓለም ዜና ነው የሚሆነው፣ ዓለም ደግሞ ያለ ፎቶ አያምንም፣ እኔም አላምንም።

«ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ በነገሌ ቦረና በኩል እንግዳ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ሊበን ሜዳ ላይ ያቺን ላርክ የምትባል ትንሽ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶች ከመንገድ ውጣና ሜዳውን በመኪና አስስልን ይሉኛል፣ ካልተገኘች ደሞ በስፒከር ድምጿን ይለቃሉ። እምቢ ብል ቲፑ ይቀራል፣ እሺ ብል ደሞ ህሊናዬ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድሜ እምቢ በል። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳህና ለእንግዶችህ እንዳለ ንገርልኝ።

የሊበን ላርክ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት፣ እንዲሁ ማጋነን አይደለም፣ በ2007 እና በ2009 መካከል ብቻ ቁጥሯ በ40 በመቶ ወርዷል፣ ያኔ ያጠኗት ሰዎች በዋናው የአፍሪካ ምድር ጠፋ ተብሎ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ወፍ እሷ እንዳትሆን ነው የፈሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው በ1968 እዛው ሊበን ላይ ነበር። ኋላ በጅግጅጋ በኩልም ተገኘችና ሲመረመር ድሮ ከመቶ ዓመት በፊት ሶማሌላንድ ላይ ከተገኘችው ላርክ ጋር አንድ ዝርያ ሆና ተገኘች፣ ሶማሌላንድ ላይ ግን ከዛ ወዲህ ያያት የለም። በቃ ያለችው ይቺው ናት።

አሁን መኪናህን አስብ። ወፏ የምትኖረው መሬት ላይ ነው፣ ጎጆዋ መሬት ላይ ነው፣ ሰው ሲመጣባት መብረር አትወድም ሳሩ ውስጥ እንደ አይጥ እየሾለከች ነው የምትሄደው። አንተ ላንድክሩዘርህን ሳሩ ላይ ስትነዳ ጎማህ ስር እንቁላል ይኑር ጫጩት ይኑር ከላይ ሆነህ የምታውቅበት መንገድ የለም። ስፒከሩም ያው ነው፣ ወንዱ ሌላ ወንድ ቦታዬን ሊነጥቀኝ መጣ ብሎ ስራውን ትቶ ይነሳል፣ ለአንድ ቀን አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም ይባል ይሆናል፣ ግን ዛሬ የአንተ ቡድን ነገ የሌላው ከነገ ወዲያ የሦስተኛው ነው፣ ሁሉም ደግሞ የሚሄዱት ወደዛው አንድ ጥግ ነው።

አማራጩ ደግሞ ከባድ አይደለም። ጠዋት ገና ጸሐይ ስትወጣ መንገዱ ዳር መኪናውን አቁም፣ ሞተር አጥፋ፣ እንግዶቹ ይውረዱና ዝም ብለው ይስሙ። ወንዱ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሳሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እየበረረ ይዘምራል፣ ከመንገድ ላይ ሆኖ በባይኖኩላር በደንብ ይታያል። ካልዘመረ አልዘመረም፣ በማግስቱ ይመለሱ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይሄን አንተም ሳታውቀው አትቀርም። ብርቅ የምንላቸው ወፎቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት አጥርና ጠባቂ ያለው ፓርክ ውስጥ አይደለም፣ የሰው ከብት የሚውልበት ግጦሽ ላይ ነው። ሊበን ላይ ችግር የሆነው ከብቱ መኖሩ አይደለም፣ ሳሩ እረፍት ማጣቱ ነው፣ ሜዳው ለእርሻ ተቆረሰ፣ ድሮ እረኛው በእሳት ያጸዳው የነበረው ቁጥቋጦ እሳቱ ሲከለከል ወረረው፣ የቀረችው ሜዳ ላይ ከብቱ ሁሉ ተጨናነቀ። ቦረናዎች ግን ለዚህ የቆየ መፍትሄ ነበራቸው፣ ካሎ ይሉታል፣ ለበጋና ለጥጃ የሚሆን ሳር ከልሎ ማቆየት። አሁን ሊበን ላይ ሳሩን እንዲያገግም እየተሞከረበት ያለው ይሄው ነው፣ ካሎ ውስጥ ሳሩ ሲረዝም ከብቱም ይጠግባል ላርኳም መደበቂያ ታገኛለች። ስለዚህ እንግዶችህን ከሜዳው በፊት ወደ አባወራዎቹ ውሰዳቸው፣ ወተት ይጠጡ፣ ይክፈሉ፣ ጠይቁ፣ ወፏ ዘንድሮ የት ወገን እንደምትዘምር እረኛው ከጂፒኤስ በላይ ያውቀዋል። ቲፕህም ያኔ የሚጨምር ይመስለኛል፣ ባይጨምርም ግን እምቢ በል።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ያቤሎ ዙሪያ ያለችው ቡሽ ክሮው (ግራጫዋ አይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነችው) ለምንድነው ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ ውጭ የማትገኘው? ግራሩ ያው ግራር ነው መሬቱም ያው ነው፣ ትንሽ ሄድ ስትል ድንገት ትጠፋለች።»

የወሩ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው። በ1938 ስም ካገኘች ጀምሮ ተመራማሪው ሁሉ ግራ ሲጋባበት የኖረ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እንዳልከው ዛፉንም አፈሩንም ምግቡንም ስታይ ከድንበሯ ወዲህና ወዲያ ልዩነት የለም። ሰዎቹ በመጨረሻ ያገኙት ነገር በአይን የማይታይ ሆነ፣ ሙቀት። የምትኖርበት ቦታ ከዙሪያው ቆላ ቀዝቀዝ የሚል ነው፣ አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወፏ እዛው ላይ ታቆማለች፣ ከዛ ወዲያ አታገኛትም።

እንዴት ነው የሚሰራው ካልክ ራስህ ሄደህ ልታየው ትችላለህ። ጠዋት ላይ ከብት ከውሃ ሲመለስ ተከትለሃቸው ሂድ፣ ቡሽ ክሮዎቹ ከኋላ ሆነው ፍግ እየገለበጡ መሬቱን በመንቁራቸው እየቆፈሩ እጭ ሲያወጡ ታያለህ። ቀትር እየሆነ ሲመጣ አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ይጀምራሉ፣ ጥላ ፍለጋ ይገባሉ፣ መልቀሙን ይቀንሱታል። እዛው አብረዋቸው ያሉት ሌሎች ወፎች ግን ሙቀቱን ከእነሱ በተሻለ ችለው ስራቸውን ይቀጥላሉ። በቀን ውስጥ የመብያ ሰዓቷ ካጠረ ጫጩት የምታሳድገው በምን ነው? ለዛ ነው የዓለም ሙቀት መጨመር ሲነሳ ስሟ የሚነሳው፣ ቀዝቃዛዋ ቦታ ስትጠብ እሷም መሄጃ የላትም።

ለመመረቂያ ርዕስ ከፈለግክ ደግሞ እዛው አካባቢ ነጭ ጭራ ያላት ጨረባ መሳይ ወፍ አለች፣ ዋይት ቴይልድ ስዋሎው፣ በ1942 ነው የተመዘገበችው፣ የእሷም ክልል ከቡሽ ክሮዋ ጋር ይገጣጠማል ማለት ይቻላል። ጎጆዋን የሰው ጎጆ ቤት ውስጥ ጣሪያ ስር ትሰራለች። ቤቱ በቆርቆሮ ሲቀየር ምን ትሆናለች የሚለውን እስቲ አንተ አጥናልን።

«የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ነጭ ሳር ውስጥ በአንድ ክንፍ ብቻ የምትታወቅ ወፍ አለች ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይስ የአስጎብኚ ወሬ?»

እውነት ነው። በ1990 ነጭ ሳር ሜዳ ላይ ጥናት ሲያደርጉ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ መኪና የዳመጣት ወፍ አገኙ፣ የሚረባ ሆኖ የተረፈው አንድ ክንፏ ነበር። ክንፉን ይዘው ሄዱ፣ ከየሙዚየሙ ናሙና ጋር አስተያዩት፣ ከየትኛውም ናይትጃር (በሌሊት የሚንቀሳቀስ የወፍ ወገን ነው) ጋር አልገጥም አለ፣ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ የነጭ ሳር ናይትጃር ተባለች። በ2009 የወፍ ተመልካቾች በሌሊት ሄደው አየናት ብለዋል፣ ሆኖም ሙዚየም ውስጥ ያለው እስከዛሬ ያው ክንፍ ነው።

ልፈልጋት ካልክ ሌሊት ፓርክ ውስጥ ያለ ስካውትና ያለ ፈቃድ እንዳትገባ፣ አውሬ አለበት። ናይትጃሮች ማታ መንገድ ላይ ይቀመጣሉ፣ የመኪና መብራት ሲያርፍባቸው አይናቸው ቀይ ሆኖ ያበራል፣ በመኪና በብዛት የሚሞቱትም ለዚህ ነው። ስለዚህ በዛ መንገድ የምትመላለሱ ሁሉ የሞተ ናይትጃር ካገኛችሁ አትለፉት፣ ክንፉን ዘርግታችሁ ከጎኑ ማስመሪያ ወይ እስክሪብቶ አስቀምጡና ከላይም ከታችም ፎቶ አንሱት፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ።

«ሆለታ ነው ያለሁት። በርጋ ላይ ያለችውን ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ለማየት ከጓደኞቼ ጋር ለሐምሌ ፕሮግራም አውጥተናል። ቦቲ ጫማ ተዘጋጅቷል። ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ፕሮግራሙን መሰረዝ ያስፈልጋል። ይቅርታ አድርግልኝ ግን ሐምሌና ነሐሴ እኮ የምትፈለፍልበት ወቅት ነው።

በ1997 ነው በርጋ ላይ እንደምትራባ የታወቀው፣ ትንሽዬ ወፍ ናት፣ ረግረጉ ሳር ውስጥ ስር ለስር ትሄዳለች እንጂ አትታይም፣ ነጩ ክንፏ የሚታየው ስትበር ብቻ ነው፣ የምትበረው ደግሞ ልትረግጣት ስትል ነው። እንግዲህ ገባህ አይደል፣ እሷን «ለማየት» ማለት በቦቲ ጎጆዋን ለመርገጥ አንድ እርምጃ ሲቀር ማለት ነው። ከኛ ሌላ ስትራባ የተገኘችው ደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ ነው፣ እሱም በ2018 ሲሆን ያረጋገጡት ሰው ልከው ሳይሆን በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ውሃው ዳር ተክለው ነው። የበርጋ ገበሬዎች ለእሷ ብለው በክረምት ከብታቸውን ከረግረጉ ያርቃሉ፣ ሳር ማጨዱንም ያቆዩታል፣ ገበሬ ከብቱን ያስወጣበት ቦታ የከተማ ልጅ በቦቲ ሲገባ ምን ይባላል?

ለጥቅምት አዙሩት። በርጋ ያኔም ያምራል፣ አቢሲኒያን ሎንግክሎው የምትባለዋን ጉሮሮዋ ብርቱካን የሆነ የኛን ሀገር ወፍ አጥር እንጨት ላይ ቆማ ታገኟታላችሁ፣ እሷ ከመንገድም ትታያለች።

«አዳማ መምህር ነኝ። የ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ይዘን የአንድ ቀን የወፍ ጉብኝት ማድረግ እንፈልጋለን፣ ያለን አንድ ባይኖኩላር ነው። የት እንሂድ? እንዴትስ እናድርገው?»

መምህር፣ አንድ ባይኖኩላር ከበቂ በላይ ነው፣ ቦታውን ካወቁበት። ልጅ ይዞ ብርቅ ወፍ ፍለጋ ጫካ መግባት አያዋጣም፣ ልጆቹ አንድ ሰዓት ዝም ብለው ቆመው ምንም ካላዩ ሁለተኛ አይመጡልዎትም። ትልቅ ወፍ፣ ብዙ ወፍ፣ ቅርብ ወፍ ያለበት ቦታ ነው ሚያስፈልገው። ለአዳማ ሰው ደሞ ባቱ ቅርብ ነው።

ባቱ ጀልባ መቆሚያው ጋ ጠዋት ይድረሱ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ። አባ ኮዳዎቹ ቀድመው ተሰልፈው ነው የሚጠብቁት፣ ራሰ በራ፣ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ ቁመታቸው ከትንንሾቹ ልጆች ብዙም የማያንስ። አንዱን ልጅ «እግሩ ምን አይነት ቀለም ነው?» ብለው ይጠይቁት፣ ነጭ ይልዎታል። ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው፣ ሙቀት ሲሰማው በራሱ እግር ላይ ይጸዳዳል፣ ፈሳሹ ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል፣ ነጩ የእሱ ነው። ይሄን የነገሩት ልጅ ወፍ የሚባል ነገር እስኪያረጅ አይረሳም። ከዛ ፔሊካኖቹ አሉ። ሳሩ ዳር ሲሄዱ ደግሞ ረጃጅም ጣት ያላት ጃካና ውሃ ላይ ተንሳፋፊ ቅጠል እየረገጠች ስትራመድ ያሳዩአቸው፣ ባይኖኩላሩን በየተራ የሚሰጡት እዚህ ጋ ነው። ጉማሬም ሊኖር ስለሚችል ልጆቹ ወደ ውሃው ጠርዝ እንዳይጠጉ።

ጊዜ ካለዎት ስለ ፔሊካን ሲያወሩ የአብያታን ነገር ይንገሯቸው። ነጮቹ ፔሊካኖች ሻላ ሐይቅ ውስጥ ያለች ደሴት ላይ ነበር በብዛት የሚፈለፍሉት፣ ሻላ ግን የሚበላ ዓሣ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ በየቀኑ ተራራውን ተሻግረው አብያታ ሄደው አጥምደው ለጫጩት ያመጡ ነበር። አብያታ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተቀዳ ሲቀንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ፣ ፔሊካኖቹ ቦታ ቀየሩ። ፍላሚንጎ ግን የሚበላው አልጌ ስለሆነ አሁንም ይመጣል ይሄዳል፣ አንድ ዓመት አብያታ አንድ ዓመት ጪቱ፣ አንዳንዴ እስከ ኬንያ ሐይቆች። «ፍላሚንጎዎቹ ጠፉ» ብላችሁ የጻፋችሁ ሦስት አራት አንባቢያንም መልሳችሁ ይኸው፣ ፍላሚንጎ አንድ ቦታ አይቀመጥም።

በጥር ከሄዱ በመልሱ ቢሾፍቱ ጨለለቃ ጎራ ይበሉ፣ ውሃ ካለው ክሬኖች የሚባሉት እግራቸውም አንገታቸውም ረጅም የሆነ ትልልቅ ወፎች ይኖራሉ። ጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄድበት ወርም ስለሆነ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ቀድመው ቢያነጋግሩ ጥሩ ነው፣ ከ1966 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው።

አደራረጉን በተመለከተ፣ ልጆቹን አስር አስር አድርገው ይከፋፍሉ፣ ቀይና ነጭ ቲሸርት ይቅር፣ ዩኒፎርም ከለበሱም ምንም አይደለም ዋናው ጩኸት ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር። የወፍ ስም አያስጽፏቸው፣ ስም በኋላ ይመጣል፣ መጀመሪያ መጠኑን ከሚያውቁት ወፍ ጋር ያወዳድሩ፣ ከርግብ ይበልጣል ያንሳል፣ መንቁሩ፣ እግሩ፣ ምን እየሰራ ነበር። መርሊን የሚባለው አፕ ነጻ ነው፣ ቤት በዋይፋይ አውርደው ይሂዱ፣ ድምጽ ሲለይ ግን ይሳሳታል፣ አፑ ስላለ ብቻ ብርቅ ወፍ እንዳታስመዘግቡ። ለወፎቹ ዳቦ መወርወር ደሞ በፍጹም።

«ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። ለገና ሀገር ቤት እመጣለሁ፣ ባይኖኩላር ልግዛ ብዬ ነበር፣ ኤርፖርት ላይ ይያዛል የሚሉኝ አሉ። ደግሞ 8 በ42 ይሻላል 10 በ42?»

8 በ42 ግዛ። 10ሩ ያቀርባል ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የምታየውም ሜዳ ይጠባል፣ ለጀማሪ ወፏን ፈልጎ ማግኘት ነው ትልቁ ስራ።

ኤርፖርቱን በተመለከተ የነገሩህ ሰዎች አልዋሹህም፣ ባይኖኩላር ያለ ፈቃድ ይዘው የገቡ ተጓዦች የተያዘባቸው አሉ። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት ከአስጎብኚ ድርጅትህ ጋር ተነጋግረህ የፈቃድ ደብዳቤ አሰራ፣ ደብዳቤውን በእጅህ ያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ ደብቀህ «አያዩትም» እንዳትል። ድርጅቱ እዚሁ የሚያከራይ ከሆነ ደግሞ ይዘህ አትምጣ። ድሮን ግን አታስበው።

ገና ላይ ስትመጣ የት ልሂድ ብለህ አልጠየቅከኝም፣ እኔ ግን ልንገርህ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ ጊዜ ካለህ ገፈርሳ ግድብ ሂድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ መውጫ ላይ ነው፣ ለጥበቃዎቹ ተናግረህ ግባ። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ታያለህ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም፣ ስትራመድ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ነው፣ ከሩቅ አንገት የሌላት ነው የምትመስለው። ቅጠሉ ስር ደግሞ ጭራዋን ቀጭ ቀጭ እያደረገች የምትሄድ ቡናማ ወፍ ካየህ ሩዤት ሬይል ናት፣ ሰው ብዙ አትፈራም። ሙሉ ቀን ካለህ ደብረ ሊባኖስ ፖርቹጋል ድልድዩ ጋ ተቀመጥ፣ አጥንት ከሰማይ እየጣለ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ጺማሙ አሞራ ከአንተ በታች ገደሉን ይዞ ሲያልፍ ጀርባውን ታየዋለህ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከእስራኤል፣ ከቤር ሼቫ ነው የምጽፈው። በብርዱ ወቅት ልጆቼን እዚሁ ሁላ ሸለቆ ወስጄ ክሬኖቹን አሳየኋቸው። እናቴ ጎንደር እያለን ጣና ዳር እነዚህኑ እናይ ነበር ትላለች። እውነት አንድ ናቸው?»

እናትሽ ልክ ናቸው እህቴ፣ ሰላም በይልኝ። ከሩሲያና ከምስራቅ አውሮፓ የሚነሱት ክሬኖች ብርዱ ሲገባ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ እስራኤል ሲደርሱ ገሚሱ ሁላ ላይ ይከርማል፣ የቀረው ይቀጥልና ኢትዮጵያ ይገባል፣ መከታተያ የታሰረላቸው ወፎች ይሄንኑ መንገድ ሄደዋል። ጣና ዙሪያ በበጋ በሺዎች ይሰበሰባሉ፣ ቀን ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ይለቅማሉ፣ ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። እናትሽ ያዩአቸው የዛኔዎቹ አያቶች ቢሆኑ ነው እንጂ ቤተሰቡ አንድ ነው።

ትልልቆቹ አሞራዎችም በናንተ ሰማይ ያልፋሉ፣ በተለይ በጸደይ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ኤላት ላይ። በመጸው ሲመጡ ግን ብዙዎቹ በየመን በኩል አድርገው ባብ ኤል መንደብን ነው የሚሻገሩት፣ በ1987 እዛ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ወቅት ከ200 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራ መዝግበዋል።

ለልጆቹ ስራ ልስጣቸው። ሁላ ላይ ካሉት ክሬኖች አንዳንዶቹ እግራቸው ላይ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል፣ የግራውን እግር ለብቻ የቀኙን ለብቻ ይጻፉ፣ ቀኑንም ይጨምሩበት፣ ከዛ ለፓርኩ ሰራተኞች ይስጡ ለኛም ይላኩልን። እኛም ጣናና ጨለለቃ ያሉ አንባቢያን ያንኑ ቅደም ተከተል እንዲፈልጉ እዚሁ ዓምድ ላይ እናወጣዋለን። እባክሽ እንደ ቁራ መልእክተኛ ሆነሽ እንዳትቀሪብን፣ የሚቀጥለው እትም ከታህሳስ መጨረሻ በፊት ማተሚያ ቤት ይገባል።